ፍሎራ ንዋፓ፦ «ወሬ» የተባለውን መጽሐፍ ያደረገች

ጊልበርት አጃኑፑን በጥፊ አጩሎ መሬት ላይ ጣላት። አጃኑፑ ግን ወድቃ የምትቀር ሴት አይደለችም። ብድግ ብላ የሙቀጫውን ዘነዘና አነሣችና በጭንቅላቱ ላይ ሰበረችው። ደሙ ወርዶ ዓይኖቹን ሞላቸው። የጠቡ መነሻ ሚስቱ ኤፉሩ ናት። ኤፉሩ ታማ በተኛችበት፣ ባልዋ የሰፈር ሐሜት አምኖ ወስልተሻል፣ ካልተናዘዝሽ አትድኚም ብሏታል። አጃኑፑ ይህን ሰምታ ነው እየተንደረደረች መጥታ የልቧን ፊት ለፊት የነገረችው። ጥፊውም የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ትዕይንቱ የሚገኘው «ኤፉሩ» በተባለው ልብ ወለድ ማብቂያ ገደማ ነው። መጽሐፉ በ1966 ለንደን ላይ ታተመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደራሲዋ ፍሎራ ንዋፓ ትባላለች። በእንግሊዝኛ የጻፈችውን ልብ ወለድ በዓለም አቀፍ አሳታሚ በኩል ለአንባቢ በማድረስ ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ተብላ የምትጠቀስ ናይጄሪያዊት ናት።

አጃኑፑ ለኤፉሩ እናቷ አይደለችም፤ አክስቷም አይደለችም። የቀድሞ ባልዋ የአዲዙዋ እናት እህት ናት። አዲዙዋ ኤፉሩን ትቶ ከሌላ ሴት ጋር ከኮበለለ ዓመታት አልፈዋል፤ ኤፉሩም ሌላ ባል አግብታለች። ጋብቻው ሲፈርስ የሁለቱ ሴቶች ዝምድና ግን አልፈረሰም። ስትወልድ ያረሰቻት፣ ንግድ ያስተማረቻት፣ ስታጠፋ የተቆጣቻት፣ ስትታመም ከራስጌዋ ያልጠፋችው ይህችው ሴት ናት። የፍሎራ ሥራ በሙሉ ከዚህ ዝምድና የተቀዳ ይመስለኛል። ወንዶች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ይታሰራሉ፣ ይሞታሉ፤ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዘውት የሚሄዱት የሚነጋገሩ ሴቶች ናቸው።

ሐይቋና ገበያዋ

ፍሎራ የተወለደችው ጃንዋሪ 13 ቀን 1931 ኦጉታ ውስጥ ነው። ኦጉታ በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ ዛሬ ኢሞ ክልል በሚባለው የኢግቦ ሕዝብ አገር፣ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ኡራሺ የሚባለው ወንዝ ከሐይቁ ጋር ይገናኛል፤ የወንዙ ድፍርስ ውሃና የሐይቁ ጥሩ ውሃ ሲነካኩ ወሰናቸው በዓይን ይለያል። የአገሩ ሰዎች የሐይቁ እመቤት ኦግቡይዴ፣ በሌላ ስሟ ኡሃሚሪ፣ የምትባል አምላክ ናት ይላሉ። ኡራሺ ባልዋ ነው። ኢግቦዎች በጥንታዊው አቆጣጠራቸው ሳምንታቸው አራት ቀን ነው፦ ኤኬ፣ ኦሪዬ፣ አፎ፣ ንክዎ። ከእነዚህ ኦሪዬ የኡሃሚሪ ቀን ስለሆነ በዚያን ዕለት ሐይቁ ላይ ዓሣ አይጠመድም።

ኦጉታ የዘንባባ ዘይት ንግድ መተላለፊያ ነበረች። ከገጠር የሚመጣውን ዘይት ገዝተው በታንኳ ጭነው ለአውሮፓ ኩባንያዎች የሚሸጡት፣ በምትኩ ጨርቅና ሌላ ሸቀጥ የሚያመጡት በአመዛኙ ሴቶች ነበሩ። የፍሎራ አባት ክሪስቶፈር ንዋፓ ከነዚሁ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው የዩናይትድ አፍሪካ ኩባንያ ወኪል ሆኖ ሠርቷል፤ እናቷ ማርታ አስተማሪ ነበረች። ፍሎራ ለስድስቱ ልጆች ታላቅ ናት። እንግዲህ ልጅቷ ያደገችው በራሳቸው ገንዘብ የሚነግዱ፣ በራሳቸው ገንዘብ ቤት የሚሠሩ፣ የባለዕዳውን ስም በቃላቸው የሚይዙ ሴቶች በሚወጡበትና በሚገቡበት ደጅ ነው። የአፍሪካ ሴት ሁሉ ሸክም ብቻ ተሸክማ የኖረች አድርጎ የሚያወራ መጽሐፍ ሲገጥማት እንደማትቀበለው ደጋግማ የተናገረችውም ያየችውን ይዛ ነው።

እሷ ከመወለዷ አንድ ዓመት ተኩል ባልሞላ ጊዜ በፊት፣ በ1929 ማብቂያ፣ በዚያው አካባቢ የኢግቦና የጎረቤት ሕዝቦች ሴቶች በአሥር ሺዎች ሆነው በቅኝ ገዥው መንግሥት ላይ ተነሥተዋል። ሴቶች ሊቆጠሩና ግብር ሊጣልባቸው ነው የሚል ወሬ ነው ያስነሣቸው። እንግሊዞች ተኩሰው ከ50 በላይ ሴቶች ገደሉ። የተቃውሞው ሥርዓት ግን ለኢግቦ ሴቶች አዲስ አልነበረም። ሚስቱን የሚደበድብ ወይም የገበያ ሕግ የሚጥስ ወንድ ሲኖር፣ ሴቶች ተሰባስበው ደጁ ላይ ይሰፍራሉ፤ ጉዱን በዘፈን እየዘረዘሩ፣ ያም የተባለውን ሥራ ሥር በሚወቅጡበት ዘነዘና የቤቱን ግድግዳ እየደበደቡ፣ ጥፋቱን አምኖ እስኪክስ ድረስ አይለቁትም። የአጃኑፑ ዘነዘና እንግዲህ የአንዲት ቁጡ ሴት ብስጭት ብቻ አይደለም። የመንደሩ ሴቶች ሕግ በአንዲት ሴት እጅ ነው የወረደበት።

አንድ ጊኒ

ፍሎራ ፖርት ሃርኮርት አቅራቢያ ኤሌሌንዋ ከሚገኘው የሴቶች ትምህርት ቤት ተነሥታ በሌጎስ በኩል አልፋ በ1953 ኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገባች። ያ ኮሌጅ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ደራስያኑን ቺኑዋ አቼቤን፣ ዎሌ ሾይንካን፣ ክሪስቶፈር ኦኪግቦንና ጆን ፔፐር ክላርክን ያስተማረ ቤት ነው። በ1957 ተመረቀች፤ በቀጣዩ ዓመት ከኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ዲፕሎማ ይዛ ተመለሰች። ካላባር ውስጥ የትምህርት ሹም፣ ኤኑጉ ውስጥ በኩዊንስ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛና የጂኦግራፊ መምህርት ሆነች። ከ1962 ጀምሮ ደግሞ በሌጎስ ዩኒቨርሲቲ ረዳት ሬጅስትራር ነበረች። ከተማሪ ደብተርና ከቢሮ መዝገብ በተረፈ ሰዓት የጻፈችው ረቂቅ ግን ሌላ ቦታ ነበር የሚወስዳት።

ረቂቁን ለአቼቤ ላከችለት። አቼቤ በ1958 የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ ስሙን ያስጠራው፣ የሃይነማን ማተሚያ ቤት በ1962 የጀመረው የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍት አርታኢ ነበር። አንብቦ ወዶ ጻፈላት፤ ከደብዳቤው ጋር ረቂቁን ወደ ለንደን የምትልክበት የፖስታ ገንዘብ ይሆናት ዘንድ አንድ ጊኒ አብሮ ላከላት። ሃይነማን ተቀበለው። «ኤፉሩ» ከተከታታዩ መጻሕፍት 26ኛው ሆኖ ወጣ። ከእሱ በፊት ከወጡት 25 መጻሕፍት መካከል በሴት የተጻፈ ልብ ወለድ አልነበረም።

በዚያው በ1966 ኬንያዊቷ ግሬስ ኦጎት የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ናይሮቢ ላይ አሳትማለች። የእኛዋ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም «የልቤ መጽሐፍ»ን ለአማርኛ አንባቢ ያቀረቡት ከዚያ አስቀድሞ ነው። ስለዚህ «የመጀመሪያዋ» የሚለውን ማዕረግ ሩጫ አናድርገው። ፍሎራ የከፈተችው በር አንድ የታወቀ በር ነው፦ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው፣ በመላው አህጉር ትምህርት ቤቶች የሚነበበው፣ እስከዚያ ድረስ የወንዶች ብቻ የነበረው መደርደሪያ።

በዚያ መደርደሪያ ላይ ሴት አልነበረችም ማለት አይደለም። ነበረች፤ በአቼቤ መጽሐፍ ውስጥ ኦኮንኮ በሰላሙ ሳምንት የደበደባት ሚስት ሆና ነበረች፤ በሲፕሪያን ኤክዌንሲ መጽሐፍ ውስጥ የሌጎስ የምሽት ቤት ቆንጆ ጃጉዋ ናና ሆና ነበረች። ያልነበረው፣ ወንዱ ከቤት ሲወጣ ተከትሎት የማይወጣ መጽሐፍ ነው። ፍሎራ ወንዱን ሸኝታ ሴቶቹ ዘንድ ቀረች።

«ወሬ ነው»

ኤፉሩ ቆንጆ ናት፤ የታወቀ ሰው ልጅ ናት፤ እጇ የነካው ንግድ ይሠምራል። የማጫ ገንዘብ የሌለውን ድሃ ወጣት መርጣ ያለ ቤተሰቧ ፈቃድ ገባች። በኋላ ከባልዋ ጋር ነግደው ካተረፉት ማጫውን ለአባቷ ከፈሉ። አንዲት ልጅ ወለደች፤ ባል ሄደ፤ ልጅቷ ሞተች። ሁለተኛው ባል የልጅነት ጓደኛዋ ጊልበርት ነው፤ ከእሱም ልጅ አላገኘችም። አባቷ ሞቶ ሲቀበር ጊልበርት አልነበረም፤ የት እንደቆየ የታወቀው ዘግይቶ ነው፤ እስር ቤት ነበር። እሷ ግን በመሐሉ የድሆችን ሕመምተኞች ሐኪም ቤት ታደርሳለች፣ ታበድራለች፣ መክፈል ላቃተው ትምራለች። ስትታመምና ስትታማ አምላክ ፊት ቀርባ ምላ ንጽሕናዋን አስመሰከረች። ከዚያ ዕቃዋን ሰብስባ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ወደ ባልዋም አልተመለሰችም።

የመጽሐፉ አብዛኛው ክፍል ታዲያ ንግግር ነው። ሁለት ሴቶች ገበያ ላይ ይገናኛሉ፤ የእገሊት ልጅ፣ የእገሌ ዕዳ፣ የዓሣው ዋጋ፣ የአማቲቱ ጤና፣ የኤፉሩ ሆድ አለመግፋት ይነሣል። ከወንዶቹ ተቺዎች አንዳንዶቹ በዚህ ተሰላቹ። ንግግር በዛበት፣ ሴራው ላላ፣ የመንደር ወሬ ነው አሉት። ከሌላው ናይጄሪያዊ ደራሲ ከኤሌቺ አማዲ ልብ ወለድ ጋር አስተያይተውም ዝቅ አደረጉት።

እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም፤ አለመስማማቴም ለደራሲዋ ከማዘን የመጣ አይደለም። የአቦል፣ የቶናና የበረካ ሰው የሆነ የእኛ አገር አንባቢ፣ ረከቦት ዙሪያ የሚባለው ነገር ምን ያህል የሰው ሕይወት እንደሚያንቀሳቅስ ያውቃል። ማን ከማን እንደሚጋባ፣ የማን ብድር እንደሚራዘም፣ የማን ስም እንደሚነሣና እንደሚወድቅ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ፍሎራ ይህን ወሬ ለጌጥ አላስገባችውም። በኤፉሩ ላይ የሚመጣው ክፉና ደግ ሁሉ በአፍ ነው የሚመጣው። መኻን ናት የሚለው በአፍ ነው፤ ወስልታለች የሚለው በአፍ ነው፤ የአጃኑፑ መከታነትም በአፍ ጀምሮ ነው ወደ ዘነዘናው የደረሰው። አንዲት ሴት ምን ዓይነት ፍርድ ቤት ፊት ቆማ እንደምትኖር ለማሳየት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ደራሲዋ በመሐል ገብታ አታብራራም፤ ሰዎቹን ታናግራለች፣ ፍርዱን ለአንባቢው ትተዋለች። የኤፉሩን ግርዛት እንኳ ስትጽፍ እንዲሁ ነው፦ ሥቃዩን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እንክብካቤ፣ የጎረቤቱን ስጦታ፣ ልማድ ስለሆነ የሚል የሴቶቹን መልስ ጎን ለጎን ታስቀምጠዋለች። ማንበቡ ያማል፤ ማመሙም ተገቢ ነው።

በመጽሐፉ መጨረሻ ኤፉሩ የሐይቋን እመቤት ታልማለች። ኡሃሚሪ ቆንጆና ባለጠጋ ናት፤ ለመረጠቻቸውም ውበትና ሀብት ትሰጣለች። ልጅ ግን የላትም፤ እናትነትን አታውቅም። ታዲያ ሴቶች ለምን ያመልኳታል? ፍሎራ ጥያቄውን አስቀምጣ መጽሐፉን ዘጋችው። ጥያቄው አንዲት ወጣት አንባቢ ዘንድ ሳይዘጋ ቆየ። ይህች አንባቢ፣ ሌላዋ የኢግቦ ደራሲ ቡቺ ኤሜቼታ፣ በ1979 ያወጣችውን ዝነኛ ልብ ወለዷን ርእስ የወሰደችው ከዚያ ከመጨረሻው አንቀጽ ነው። ኤሜቼታ ልጅ የወለደችውን፣ ለልጆች ያለቀችውንና ብቻዋን የሞተችውን ሴት ስትጽፍ ለፍሎራ ጥያቄ ከሌላው ወገን መልስ መስጠቷ ነበር።

ጦርነቱ

«ኤፉሩ» በወጣበት ዓመት ናይጄሪያ ተናወጠች። ሁለት መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደ፤ በሰሜኑ ክፍል ብዙ ሺህ ኢግቦዎች ተገደሉ፤ የተረፉት ወደ ምሥራቅ ጎረፉ። ፍሎራም ሌጎስን ለቃ ወደ ትውልድ አገሯ ተመለሰች። በ1967 ነጋዴውን ጎጎ ንዋኩቼን አገባች፤ በዚያው ዓመት የምሥራቁ ክፍል ቢያፍራ በሚል ስም መገንጠሉን አወጀ፤ ጦርነቱም ተጀመረ።

በኦገስት 1968 የሁለቱ ወገን ተደራዳሪዎች በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጥላ ሥር አዲስ አበባ ተገናኙ። የሽምግልናውን ኮሚቴ የሚመሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ የቢያፍራው መሪ ኦጁክዉ ራሱ መጥቶ ረጅም ንግግር አደረገ። አልተስማሙም። በቀጣዩ ወር የፌዴራሉ ጦር በውሃ በኩል መጥቶ ኦጉታን ያዘ፤ ብዙም ሳይቆይ ቢያፍራዎች መልሰው ወሰዷት። ንግግሩ አዲስ አበባ ላይ ሲበተን ጥይቱ የወደቀው በፍሎራ ሐይቅ ላይ ነበር ማለት ነው።

በ1975 ያሳተመችው «ኔቨር አጌን» የተባለው አጭር ልብ ወለድ የእነዚያ ቀናት መጽሐፍ ነው። ተራኪዋ ኬት ከከተማ ከተማ ስትሸሽ ኖራ በመጨረሻ የሐይቋ ከተማ ደርሳለች። ጠላት እየቀረበ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ መናገር ግን ክልክል ነው። የተናገረ ከሃዲ ይባላል። ሬዲዮው ድል ያወራል፤ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያበሉት አጥተዋል። በጦር ሜዳ ላይ ስላለው ጀግንነት የተጻፉ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። ፍሎራ የጻፈችው ግን ሰው በፕሮፓጋንዳ ታስሮ ጓዙን ለመሸከፍ እንኳ የሚፈራበትን ጊዜ ነው። መጨረሻ ላይ የከተማዋ ሰዎች የጠላትን የጦር ጀልባ ያሰጠመችልን ኡሃሚሪ ናት ብለው ያምናሉ። በእኛም አገር ባለፉት ዓመታት የሆነውን የኖረ ሰው ይህን ትንሽ መጽሐፍ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ጦርነቱ በጃንዋሪ 1970 አበቃ። የምሥራቅ ማዕከላዊ ክልል አስተዳደር ፍሎራን የጤናና የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊ አድርጎ በሚኒስትር ማዕረግ ሾማት። ከሥራዋ አንዱ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ላጡ፣ ወደ 2,000 ለሚጠጉ ሕፃናት መጠጊያ መፈለግ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ወደ መሬት፣ ቅየሳና ከተማ ልማት ተዛወረች። ልጅ ማጣትን የጻፈች ሴት ልጆች ቤት ባጡበት አገር ቢሮ ስትገባ ምን እንደተሰማት እኔ አልናገርም። የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ለልጆች መጻፍ መጀመሯ ነው። በ1972 ስለ ኤሜካ የሚተርክ የልጆች መጽሐፍ አወጣች። በ1979 ደግሞ የሐይቋን እመቤት ለሕፃናት በሚሆን ቋንቋ አቀረበችላቸው።

አሳታሚዋ

ሁለተኛ ልብ ወለዷ «ኢዱ» በ1970 በሃይነማን ወጣ። ባልዋ የሞተባት ኢዱ ወንድሙን እንድታገባ ስትጠየቅ እምቢ ብላ ባልዋን ተከትላ የምትሞትበት ታሪክ ነው። እንደ ወንድ ደራስያኑ መጻሕፍት ግን በማስታወቂያ አልተገፋም። ፍሎራ አሳታሚዋ መጻሕፍቷን በበቂ እንዳላስተዋወቀላት፣ በአፍሪካ ገበያም እንደልብ እንደማይገኙ ታዝባ ነበር። ስለዚህ በ1970ዎቹ ታና ፕሬስንና ፍሎራ ንዋፓ ኤንድ ካምፓኒ የተባለውን ድርጅት ኤኑጉ ላይ አቋቋመች፤ በአፍሪካ የማተሚያ ድርጅት ካቆሙት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ሆነች። አጫጭር ልብ ወለዶቿን፣ የልጆች መጻሕፍቷንና በ1981 የወጣውን «ዋን ኢዝ ኢናፍ» የተባለውን ልብ ወለድ ለአገሬው አንባቢ ያቀረበችው በዚህ መንገድ ነው። የዚያ መጽሐፍ ባለታሪክ አማካ ልጅ ስላልወለደች ከባልዋ ቤት የተገፋች፣ ሌጎስ ሄዳ በንግድ የከበረች፣ መንታ ከወለደች በኋላም ላግባሽ ሲሏት አንዱ ይበቃኛል ያለች ሴት ናት። ከኤፉሩ እስከ አማካ አሥራ አምስት ዓመት ነው። ኤፉሩ ለአምላኳ ምላ ነው የወጣችው፤ አማካ የባንክ ደብተሯን ይዛ።

ከኪሱ አውጥቶ የሚያሳትም፣ መጽሐፉን በካርቶን አሸክሞ ለአዟሪዎችና ለመደብሮች የሚያከፋፍል ደራሲ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ፍሎራም እንዲሁ ኖራለች፤ ልዩነቱ ድርጅቱን ከራሷ ሥራ አልፎ የሌሎችም እንዲሆን መፈለጓ ነው። ነገር ግን በ1980ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ወደቀ፤ ናይራ ከ1986 ጀምሮ አሽቆለቆለ፤ ከውጭ የሚገባው ወረቀት ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ቤተ መጻሕፍት መግዛት ተዉ። ብዙ የናይጄሪያ አሳታሚዎች የወደቁት በዚያ ጊዜ ነው። የፍሎራም መጻሕፍት ከኤኑጉ አልፈው መሄድ ተሳናቸው።

ከዚያ ያወጣቸው የእኛው ምሥራቅ አፍሪካ ሰው ነው። ትውልደ ኤርትራዊው ካሳሁን ቸኮል በ1983 አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ያቋቋመው አፍሪካ ወርልድ ፕሬስ በ1992 «ኔቨር አጌን»ንና «ዋን ኢዝ ኢናፍ»ን ጨምሮ መጻሕፍቷን እንደገና አሳተማቸው። ዛሬ በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙት የፍሎራ ቅጂዎች ብዙዎቹ የዚህ ማተሚያ ቤት ናቸው። አንድ ኤርትራዊ ኒው ጀርሲ ላይ ተቀምጦ የአንዲትን የኢግቦ ሴት ሥራ ከመጥፋት ማትረፉ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው፤ ከሚገባው በታችም ተመስግኗል።

ፍሎራ በመጨረሻዎቹ ዓመታቷ ማይዱጉሪ ዩኒቨርሲቲ አስተማረች፤ በየአገሩ እየተጋበዘችም ስለ ሥራዋ ተናገረች። በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ስትዘጋጅ የሳንባ ምች ያዛት፤ ኦክቶበር 16 ቀን 1993 ኤኑጉ ውስጥ በ62 ዓመቷ አረፈች። ስትሞት የመጨረሻ ልብ ወለዷ ገና አልታተመም ነበር። ስለዚያችው ስለ ሐይቋ እመቤት የጻፈችው ነው። ለኅትመት የበቃው በ2017 ነው።

የአፍሪካን ሥነ ጽሑፍ እናውቃለን የምንል ብዙዎቻችን አቼቤን አንብበናል፤ ሾይንካንና ንጉጊንም እንጠቅሳለን። ፍሎራ ንዋፓን ያነበብን ግን ጥቂቶች ነን። የአማርኛ ተርጓሚዎች ሆይ፣ «ኤፉሩ» አብዛኛው በንግግር የተጻፈ፣ ወደ አማርኛ ሲመጣ ቤቱ የገባ ያህል የሚሆን መጽሐፍ ነው። የወሬውን ጨዋታ የሚያውቅ፣ የአጃኑፑን ምላስ በአማርኛ የሚያስለፈልፍ ሰው ይያዘው። አሳታሚዎችም ስጋት ሳይገባችሁ ወረቀት መድቡለት፤ አንባቢው አለ።